እንደ ሕፃን መታመን ዝም ማለት ነውን?

የመነሻው ጽሑፍ

«እንደ ሕፃን እመን» የሚለው ምክር በክርስቲያኖች ዘንድ ሁለት ሥራ ሲሠራ አያለሁ። አንዳንዴ የደከመውን ሰው ያሳርፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ የሚጠይቀውን ሰው አፍ ያስይዛል። ልጁን የቀበረ አባት «ጌታ ሆይ፣ ለምን?» ብሎ ሲያለቅስ፣ ወይም አንዲት ወጣት ከስብከቱ ያልገባትን ነገር ስታነሣ፣ ይህ ምክር ወዲያው ይሰነዘራል። የሚሰነዝሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ መልስ ሲያጡ የሚጠለሉበት ቃል ነው። እኔ ግን ይህን አጠቃቀም ከወንጌሉ ጋር ላስታርቀው አልቻልሁም።

በማቴዎስ 18 ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት በመንግሥተ ሰማያት ማን ይበልጣል ብለው ነው። ጌታ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው ያቆመው ያን ጊዜ ነው። ነገሩ የተነሣው በክብርና በሥልጣን ምክንያት እንጂ በጥያቄ ብዛት አልነበረም። ደግሞስ ከሕፃን ጋር ግማሽ ቀን የዋለ ሰው ሕፃንን ላለመጠየቅ ምሳሌ ሊያደርገው እንዴት ይችላል? ሕፃን ዓለምን የሚማረው በመጠየቅ አይደለምን?

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ጌታ በዚያ ሕፃን ላይ አይቶ «እንዲህ ሁኑ» ያለን ምንድን ነው? ያ ነገር ወደ ጸሎታችን ሲገባስ ምን ይመስላል? በእኔ አሳብ፣ እንደ ሕፃን መታመን ማለት ሲከፋን ወደ ማን እንደምንሮጥ ማወቅ እንጂ ዝም ማለት አይደለም። የሚቃወም ካለ በደስታ አነባለሁ።

መልሶቹ በዝተው ገጹ ስለ ረዘመ፣ አዲስ ለሚገባ አንባቢ እንዲመች ይዘታቸውን በየተራ ቍጥራቸው ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የሰዎቹን ቃል አልደገምሁም፤ አሳባቸውን ብቻ ነው የያዝሁት። የራሴንም አስተያየት አልደበቅሁም።

መልሶቹ

1ኛ መልስ። የጀመሩት አንድ አባት ናቸው። ሰላምታቸውን አስቀድመው በአብዛኛው እንደሚስማሙ ገለጹ፤ ዋናው ነገር ግን ንጽሕና ነው ባይ ናቸው። ሕፃን ቂም አይዝም፤ ጠዋት የተጣላውን ጓደኛውን ከሰዓት በኋላ አቅፎ ይጫወታል። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥20 ለክፋት ነገር ሕፃናት እንድንሆን የመከረው ስለዚህ ነው ብለዋል።

2ኛ መልስ። ይህኛው ጨዋ ነው፤ ግን አልራራም። የተጠቀሰው ጥቅስ በግማሽ መቆረጡን አሳየ፤ ጳውሎስ እዚያው ላይ በአእምሮ ግን የበሰሉ እንዲሆኑ ያዝዛልና። ስለ ንጽሕናውም አውግስጢኖስን ጠራ። አውግስጢኖስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በጻፈው ኑዛዜው፣ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ሌላው ሕፃን ሲጠባ እያየ በቅናት ሲገረጣ መመልከቱን ይናገራል። ሕፃን ጉልበት ስላነሰው የማይጎዳን ይሆናል እንጂ ልቡ ከእኛ ልብ የተለየ አይደለም የሚል መደምደሚያ ሰጠ። እኔም የሕፃንን ንጽሕና የመንግሥተ ሰማያት መግቢያ ካደረግን፣ ለበደለ ሰው በሩን ዘጋንበት ማለት ነው ብዬ አሰብሁ።

3ኛ መልስ። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ክርክሩን ወደ ጎን ትተው አንድ ነገር ብቻ ተረኩ። ልጁ ብርጭቆ ሰበረ። ድምፁን ሰምተው ሲመጡ ስብርባሪው ወለሉ ላይ ተበትኗል። ልጁ ግን አልጋ ሥር አልገባም፤ ከበሩም ኋላ አልሄደም። እየተንቀጠቀጠ ሮጦ መጥቶ የተደበቀው በእርሳቸው በራሳቸው ቀሚስ ውስጥ ነው። የሚቈጡት እርሳቸው፣ መደበቂያውም እርሳቸው ሆኑ። ሐተታ አልጨመሩበትም።

ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብሁት። አዳም በዘፍጥረት 3 ከእግዚአብሔር ፊት ሸሽቶ በዛፎች መካከል ተሸሸገ። ያ ሕፃን ያደረገው ተቃራኒውን ነው። ስለ መታመን ከተጻፉ ረጃጅም መልሶች ሁሉ ይልቅ ይህ አጭር ትረካ ለጥያቄዬ ቀረበልኝ።

4ኛ መልስ። የታሪክ ተማሪ ይመስላል። በዚያ ዘመን ሕፃን ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ሳናውቅ ምሳሌው አይገባንም አለ። በሮማውያን ሕግ አባት በልጁ ላይ የነበረው ሥልጣን እጅግ ሰፊ ነበር፤ የተወለደውን ለማሳደግ ወይም ለመጣል የሚወስነውም እርሱ ነው። በግብፅ በኦክሲሪንኩስ ከተገኙት የፓፒረስ ጽሑፎች መካከል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1 ዓመት የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ከእስክንድርያ የጻፈው ባል ነፍሰ ጡር ሚስቱን፣ ወንድ ከወለደች እንድታሳድገው፣ ሴት ከሆነች ግን እንድትጥላት ይነግራታል። ደብዳቤው ውስጥ ጭካኔ የተሞላበት ቃል የለም፤ ስለ ገንዘብና ስለ ናፍቆት በሚነግራት ቃና ነው ይህንንም የጻፈው። ጌታ በመካከል ያቆመው እንግዲህ ደረጃ የሌለውን፣ የሚቈጠርለት ሥራ የሌለውን፣ «ይገባኛል» ሊል የማይችለውን ነው።

ይኸው ሰው አንድ ሌላ ነገርም አስተዋለ። ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ ሦስቱም ጌታ ሕፃናትን የተቀበለበትን ታሪክ እንደ ጨረሱ ያስከተሉት የሀብታሙን ሰው ታሪክ ነው። ሕፃናቱ ባዶ እጃቸውን መጡና ታቀፉ። ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ የጠበቀውን ትእዛዝ ይዞ መጣና እያዘነ ሄደ። ወንጌላውያኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ያኖሩልን እንድናነጻጽራቸው ይመስለኛል።

5ኛ መልስ። ለ4ኛው ምስጋና አቀረበችና አንድ ማስጠንቀቂያ አከለች። ነገሩን ሁሉ ወደ ማኅበራዊ ደረጃ ከወሰድነው መታመን የሚባለው ይጠፋብናል። ለዚህም ጡት የተወ ሕፃን በእናቱ ላይ እንደሚያርፍ ነፍሱን ዝም ያሰኘውን የዳዊትን መዝሙር 131 አመጣች። ልብ በሉ፣ አለች፣ ሕፃኑ ጡት የተወ ነው። የሚጠባ ሕፃን ወደ እናቱ የሚመጣው ለወተቱ ነው፤ ጡት የተወው ግን አሁን የሚፈልጋት እርሷን ራሷን ነው። ለዚያ ዕረፍት የደረሰውም የማስጣሉን ልቅሶ ካለፈ በኋላ ነው። ዕረፍቱን ከልቅሶው አስቀድመን ከሰው መጠየቃችን ስሕተት ነው ስትል ጨረሰች። ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

6ኛ እና 7ኛ መልስ። እዚህ ላይ ስለ ቍጥር ተጣሉ። አንዱ መዝሙሩ 130 ነው አለ፤ ሌላው 131 ነው ብሎ ጸና። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሰባ ሊቃናትን አቈጣጠር የሚከተለው መጽሐፍ 130 ይለዋል፤ የዕብራይስጡን የሚከተለው 131 ይለዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው መዝሙሮች በዕብራይስጡ ቍጥር ናቸው።

8ኛ መልስ። ቃናው የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ማስተማራቸውን የገለጹ አንድ ሰው፣ ጽሑፌ አለማመንን በጨዋ ልብስ የሸፈነ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። የመጀመሪያው ውድቀት የጀመረው በጥያቄ ነው፤ ጠያቂውም እባቡ ነበር። በጥያቄ ጀምረው ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ወጣቶችን በዓይናቸው አይተዋል። ሕፃን አባቱ ከፍታ ላይ ሆኖ ዝለል ሲለው ይዘላል፤ ይህ ነው እምነት። ሌላው ሁሉ የአዋቂ ትዕቢት ነው።

የሰውየውን ስጋት አልንቀውም። የወጡትን ወጣቶች እኔም አውቃለሁ። እኔ የማውቃቸው ግን ስለ ጠየቁ አልወጡም፤ ሲጠይቁ የሚሰማቸው ስላጡ ነው።

9ኛ መልስ። በብርቱ ተቈጥቶ የተጻፈ ነው። እባቡ ብቻ ነው ወይ የጠየቀ ሲል ጀመረ። ድንግል ማርያም መልአኩን ይህ እንዴት ይሆናል ብላ አልጠየቀችምን? አልተገሠጸችም፤ መልስ ተሰጣት። አብርሃም ስለ ሰዶም ከሃምሳ ጀምሮ እስከ አሥር እየወረደ አልተከራከረምን? ለ8ኛው ሰው የጨመረውን ስድብ እዚህ አላነሣውም፤ ባይጽፈው ይሻል ነበር።

10ኛ መልስ። አንድ ሰው በእርጋታ ገብቶ ሁለቱንም አቆማቸው። በዚያው በሉቃስ 1 ዘካርያስም ጠይቋል፤ እርሱ ግን ዲዳ ሆነ። ስለዚህ መጠየቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ማርያም የጠየቀችው ነገሩ እንደሚሆን ተቀብላ መንገዱን ነው፤ ዘካርያስ የጠየቀው ከማመኑ በፊት ማረጋገጫ እንዲሰጠው ነው። ደግሞ ጌዴዎን ምልክት ለምኖ ተሰጠው፤ ያውም ሁለት ጊዜ በጠጕሩ ባዘቶ። እግዚአብሔር የልብን ዝንባሌ ያያል እንጂ የዓረፍተ ነገሩን ዓይነት አይመዝንም ሲል አበቃ። 8ኛው ሰው ይህን ወደዱት፤ 9ኛውም ዝም አለ።

11ኛ መልስ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን ማመንታቷን የነገረችን ሴት ናት። በወጣትነቷ የነበረችበት ኅብረት መሪ እንደ ሕፃን መሆንን ሲያስተምር፣ ማለት የፈለገው ለእርሱ መታዘዝን ነበር። ማንን እንደምታገባ፣ የት እንደምትሠራ፣ ከወላጆቿ ጋር እንደምትነጋገርና እንደማትነጋገር የሚወስነው እርሱ ሆነ። ጥያቄ ስታነሣ ሕፃንነቷን እንዳጣች ይነገራታል። ከዚያ ወጥታ «እንደ ሕፃን» የሚለውን ቃል ያለ መንቀጥቀጥ ለመስማት ዓመታት ፈጅቶባታል።

ለእርሷ የጻፍሁት ይህን ነው። ጌታ ሕፃኑን በመካከል ካቆመ በኋላ በዚያው ምዕራፍ፣ ከጥቂት ቍጥሮች በታች፣ ከእነዚህ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ በጥልቅ ባሕር ቢሰጥም እንደሚሻለው ተናግሯል። መታመን የተጠየቀው ለአብ ነው። በመካከል ገብቶ ያንን መታመን ለራሱ የሚወስድ ሰው ከዚህ ቃል ፊት ይቁም። የቤርያ ሰዎችም ጳውሎስ ራሱ ሲሰብክላቸው ነገሩ እንዲሁ መሆኑን ከመጻሕፍት በየቀኑ ስለ መረመሩ ተመሰገኑ እንጂ አልተወቀሱም።

12ኛ መልስ። 8ኛው ሰው ተመልሰው መጡ። ለእህታችን ማዘናቸውንና እንዲህ ያለውን መሪ እንደማይከላከሉ ጻፉ። በዋናው አቋማቸው ግን ጸኑ።

13ኛ መልስ። ለረጅም ጊዜ በሕፃናት ክፍል የሠራች ነርስ ናት። በሥልጠናዋ ወቅት የተማረችውንና ከእምነቷ ጋር የተያያዘባትን ነገር ዘርዝራ አቀረበች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ወላጆች የታመመ ልጃቸውን እንደ ልብ መጠየቅ አይፈቀድላቸውም ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ደግ ይመስል ነበር፤ እናት መጥታ ስትሄድ ልጁ ያለቅሳል፣ ካልመጣች ግን ይረጋጋል። ጄምስ ሮበርትሰን የሚባል ተመራማሪ ከሥነ አእምሮ ሐኪሙ ከጆን ቦውልቢ ጋር ሆኖ እነዚህን ሕፃናት በቅርብ ተከታተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ የአንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን የሆስፒታል ቆይታ በፊልም ቀርጾ አሳየ። ያስተዋሉት በሦስት ደረጃ የሚሄድ ነገር ነው። በመጀመሪያ ልጁ ይጮኻል፣ በሩን እያየ እናቱን ይጠራል። ቀጥሎ ተስፋ እየቆረጠ ይሄዳል፤ ልቅሶው ይቀንሳል፣ ፊቱን ይመልሳል። በመጨረሻ ልቡን ከእናቱ ይለያል፤ ይበላል፣ ለነርሶቹ ፈገግ ይላል፣ እናቱ ስትመጣ ግን እንደማያውቃት ይሆናል። ሠራተኞቹ «ለመደ» ይሉት የነበረው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው፣ የፕላት ሪፖርት የሚባለው የመንግሥት ሰነድ ወላጆች ልጃቸውን ያለ ገደብ እንዲጎበኙ የመከረው ከዚህ ዓይነቱ ጥናትና ክርክር በኋላ ነበር።

ነርሷ ከዚህ ተነሥታ የደረሰችበት ነጥብ የዚህ ሁሉ ውይይት አንኳር ነው እላለሁ። የሚጮኸው ሕፃን ገና የሚታመን ሕፃን ነው። እናቱ እንደምትሰማው፣ ከሰማችም እንደምትመጣ ስለሚያምን ይጮኻል። ዝም ያለው ግን መጥራትን ትቷል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥም ምንም የማይጠይቁ፣ ምንም የማያለቅሱ፣ ሁልጊዜ «ተመስገን» ብቻ የሚሉ ሰዎች ስታይ አንዳንዶቹ በእውነት ያረፉ፣ አንዳንዶቹ ግን ከማንም ምንም መጠበቅ ያቆሙ እንደሆኑ ይሰማታል። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም።

14ኛ መልስ። ለዚህ ማጠናከሪያ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋን የሜሪ አይንስዎርዝን ጥናት አመጣ። እናት ከክፍሉ ወጥታ ስትመለስ፣ በእናታቸው የሚተማመኑት ሕፃናት ያዝኑና ስትገባ ወደ እርሷ ይሄዳሉ፤ ተጽናንተውም ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። ከሌሎቹ አንዳንዶቹ መውጣቷም መግባቷም ግድ የማይሰጣቸው ይመስላሉ። ኋላ የልብ ምታቸው ሲለካ ግን ውጥረት ውስጥ እንደነበሩ ታወቀ።

15ኛ መልስ። አጭርና ደረቅ ነው። የሥነ ልቦና ጥናት የእምነት መሠረት ሊሆን አይችልም፤ ቃሉ ይበቃል የሚል። ቃሉ እንደሚበቃ እኔም አምናለሁ፤ ስለዚህ ከቃሉ መለስሁለት። ዕብራውያን 5፥7 የእግዚአብሔር ልጅ ራሱ በሥጋው ወራት ከብርቱ ጩኸትና ከእንባ ጋር ጸሎትና ምልጃ እንዳቀረበ ይናገራል። በጌቴሴማኒ አባ አባት ብሎ የጠራው፣ ጽዋውም እንዲወሰድለት የለመነው፣ ፈቃድህ ይሁን ያለውም በአንድ ትንፋሽ ነው። ከልጁ የበለጠ በአብ የታመነ የለም፤ እርሱም ዝም አላለም። የዳዊት መዝሙሮች ብዙዎቹ ልቅሶ የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። እስከ መቼ ብሎ የሚጮህ ሰው የሚሰማው እንዳለ ያምናል።

16ኛ መልስ። አባቱ ይደበድበው የነበረ ሰው ነው። ስለ ሕፃንና ስለ አባት የጻፍነው ሁሉ ለእርሱ የተዘጋ በር ነው። «አባታችን ሆይ» ሲባል የሚያየው ቀበቶ ነው። እንደ ሕፃን ሁን ሲሉት ሊሆን የማይፈልገው ያንኑ ሕፃን መሆን ነው።

17ኛ መልስ። ይቅር በለው፣ ሁሉም ያልፋል የሚል ፈጣን ማጽናኛ ነበር።

18ኛ መልስ። ለ17ኛው ጠንከር ያለ ተግሣጽ ሰጠች፤ ተገቢም ነበር። ከዚያ ለ16ኛው ወንድማችን በጥንቃቄ ጻፈች። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሰብዓዊ ወላጅ እንደሚወድቅ ያውቃል። መዝሙር 27፥10 አባትና እናት ሊተዉ እንደሚችሉ ተናግሮ እግዚአብሔር እንደሚቀበል ይመሰክራል። ኢሳይያስ 49 እናት እንኳ የወለደችውን ብትረሳ እርሱ እንደማይረሳ ይላል። በሆሴዕ 11 እግዚአብሔር ኤፍሬምን ክንዱን ይዞ መራመድ ያስተማረው መሆኑን ይናገራል፤ ያ እጅ የሚመታ ሳይሆን የሚደግፍ እጅ ነው። አባት የሚለው ስም ከከበደው ለጊዜው እረኛዬ ወይም ዓለቴ ብሎ ቢጠራው እግዚአብሔር እንደማይከፋ፣ መዝሙረኛውም እንዲህ እንደ ጠራው ነገረችው። 16ኛው ሰው ስለ ሆሴዕ ብቻ አመሰገነ፤ ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

ከ19ኛ እስከ 22ኛ መልስ። እዚህ ምሳሌ የመደርደር ውድድር ተነሣ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1897 በ24 ዓመቷ ያረፈችውን ፈረንሳዊት መነኵሲት የሊዝዩዋን ቴሬዝ አነሣ፤ በትንሽነትና በመታመን መንገዷ የምትታወቅ፣ በ1997 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መምህርት ተብላ የተሰየመች ናት። ሌላው ከየት ቤተ ክርስቲያን እንደሆነች ጠቅሶ ተቃወመ፤ በምትኩ፣ ሊቅ ሆኖ ሳለ ትእዛዛቱን፣ የሃይማኖት መግለጫውንና አባታችን ሆይን በየቀኑ እንደ ልጅ እንደሚደግም የተናገረውን ሉተርን አቀረበ። ሦስተኛው ደግሞ በብሪስቶል ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያሳደገው ጆርጅ ሙለር ለሰው ሳይለምን በጸሎት ብቻ መኖሩን ሲያነሣ፣ 22ኛው ያው ሙለር የገባውንና የወጣውን ገንዘብ በጥንቃቄ እየመዘገበ በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣ እንደነበር አስታወሰ። መታመን የሒሳብ መዝገብን አያስቀርም። ስለ ቴሬዝ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጨረሻው አንድ ዓመት ተኩልዋ በጨለማ የተሞላ ነበር፤ ሰማይ መኖሩ እንኳ ይጋረድባት ነበር። ታናሽ መንገድ ብላ የጠራችውን በዚያ ውስጥ ሆና ነው የሄደችበት።

ከ23ኛ እስከ 27ኛ መልስ። ስለ ሕፃናት ጥምቀት ነው። ጥሩ ጥሩ ነጥቦች ቢኖሩበትም ርእሱ ሌላ ስለሆነ ራሱን የቻለ የውይይት ክር እንዲከፈትለት ጠየቅሁ፤ ተከፍቷል።

28ኛ መልስ። አንድ ሰው በቀጥታ ጠየቀ። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ መጸለይ ትቷል። ቍጣም ሐዘንም የለበትም፤ ባዶ ነው። የነርሷን መልስ ሲያነብ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለ ሕፃን ራሱ እንደሆነ ተሰማው። ከየት ይጀምር?

29ኛ መልስ። ከመዝሙር 13 እንዲጀምር ተመከረ፤ አጭር ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቍጥሮች ብቻ አራት ጊዜ እስከ መቼ ይላል።

30ኛ መልስ። ነርሷ ናት። መዝሙር 13 መጨረሻው ላይ ወደ ደስታ ስለሚመለስ፣ ያልተሰማውን ደስታ እንዲናገር ማስገደድ ይሆንበታል ብላ ሠጋች። መዝሙር 88ን መረጠችለት። ያ መዝሙር በጨለማ ይጀምርና በጨለማ ያልቃል፤ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው ለእግዚአብሔር ነው። ዝም ያለ ልጅ መጀመሪያ የሚመለስለት ፈገግታ ሳይሆን ልቅሶው እንደሆነም በሥራዋ ማየቷን ጻፈች።

31ኛ መልስ። 28ኛው ሰው ተመለሰ። መዝሙር 88ን ጮክ ብሎ ማንበቡን፣ መጽናናት ግን እንዳልመጣለት ነገረን። ይልቁንም ተናደደ፤ ለረጅም ጊዜ ያልተናደደውን ያህል። ይህ ኃጢአት ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ንዴቱን ወደ እግዚአብሔር ይዞ እንዲሄድ፣ ያንኑም በራሱ ቃል እንዲነግረው ለመንሁት።

32ኛ መልስ። 8ኛው ሰው ናቸው። ለ28ኛው ወንድማችን እየጸለዩለት መሆናቸውን በደግነት ጻፉ። ለእኔ ግን አንድ ጥያቄ አላቸው፤ ኢዮብስ በመጨረሻ እጁን በአፉ ላይ አልጫነምን? ዝም የሚባልበት ቦታ መኖሩን ላምን ይገባኛል።

33ኛ መልስ። የእኔ ነው። አምናለሁ። ነገር ግን ኢዮብ እጁን በአፉ ላይ የጫነው በምዕራፍ 40፣ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲናገረው ሰምቶ ነው። ወዳጆቹ ከሃያ ምዕራፍ በላይ ሲከራከሩት አልጫነም። በምዕራፍ 42 ደግሞ እግዚአብሔር ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ የተቈጣው በሦስቱ ወዳጆች ላይ ነው፤ ባሪያው ኢዮብም ጸለየላቸው። መምህራችን በዚህ ላይ የሚሉትን እየጠበቅሁ ነው።